ሣሩ ምን በልቶ ወፈረ?

መልስ አጥቼ አላውቅም። ይኼን እንደ ጉራ አትዩብኝ፤ ሕመም ነው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ «የዚች ምላስ ከእግሯ ይቀድማል» ትል ነበር። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ጎረቤት ሌላ ሰው እንኳ ሲጠይቅ ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውሮ መጥቶ እዚያው የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሰው ሲቆጣኝ «ተዋት፣ አስተማሪ ትሆናለች» እያለ ይስቅ ነበር። ያለው ጠብ አላለም፤ ሆንኩ።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የባዮሎጂ ዲፕሎማዬን ይዤ ከየቡ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ ተመደብኩ። ከተማ ማለቴ ለወጉ ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ መስጊድ፣ ጥቂት የቡና መጋዘን፣ የቀረው ጭቃ። ቦኖ ተተክሎላት ነበር፤ ከቦኖው ውሃ ሲወርድ ያየሁት ግን ባለሥልጣን የመጣ ቀን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚቀዳው ከወንዙ ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ አጥር ይጋራ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ጉልበታቸው የሚያማቸው እናት ናቸው። በኦሮምኛ እናትን «አዮ» ስለሚሉ ሰፈርተኛው ሁሉ አዮ ይላቸዋል፤ እኔም አዮ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን «በርሲስቱ» ይሉኝ ነበር፣ አስተማሪዋ ለማለት። አማርኛቸው በየመካከሉ «ኤጋ»፣ እንግዲህ እንደ ማለት፣ እና «ወላሂ» የሚገባበት፣ ሲሰሙት የማይጠገብ አማርኛ ነው።

እኔ በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ ልጃቸው በወሊድ ሞተች። ሴት ሕፃን ትታ ነው የሞተችው። የሕፃኗ አባት ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ድምፁ ጠፋ። አዮ በስተርጅና አራስ ልጅ ታቀፉ። ሰፈሩ ሕፃኗን «ትንሿ» ይላት ስለነበር እኔም ስሟን ትቼ እንደዚያው ልጥራት። ለአዮ ከትንሿ ሌላ በዚህ ዓለም የቀራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጡጦዋን እያጠቡ «አላህ አንዷን ወሰደ፣ አንዷን ሰጠኝ። ይቺን ደግሞ ልውሰድ ካለ ኤጋ፣ እኔንም አብሮ ይውሰደኝ» አሉኝ። እንዲያው የሐዘን ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ ቃል በቃል ያሉትን ማለታቸው ነበር።

ላማቸው ስለነጠፈች ወተት ከጎረቤት ይገዙላታል። የወተቱ መግዣ ከጓሮ ካለችው ቡና ትመጣለች። ወተቱ ለአራስ ሆድ ይከብዳል ብለው በውሃ ያቀጥኑታል፤ ያ ውሃ ግን ከወንዙ አልነበረም። ከጋራው ወገብ ላይ፣ ከድንጋይ ሥር ጠብ ጠብ የምትል አንዲት ምንጭ አለች። አዮ በየማለዳው ያን በሽተኛ ጉልበት እየጎተቱ ወጥተው፣ አነስተኛዋ ጀሪካን እስክትሞላ ጠብቀው፣ ተመልሰው ይወርዳሉ። እናታቸው «ጥርስ ያላበቀለ ልጅ የወንዝ ውሃ አይቀምስም» ይሏቸው ነበርና ያን ቃል ለማክበር ነው። ሲወርዱ በየሁለት እርምጃው ቆመው ጉልበታቸውን ሲያሹ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ።

አሁን ስለ ሣሩ ልንገራችሁ። ወንዙ ከከተማዋ በላይ ሰፋ ብሎ ረጋ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ከውሃው ወለል ሥር፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሣር ይበቅላል። ወደ ላይ ብቅ አይልም፤ ኑሮው ሁሉ ከውሃ በታች ነው፣ ወንዙ በፈሰሰበት አቅጣጫ ዘንበል ቀና ይላል። ማርጋ ቢሻኒ ይሉታል፣ የውሃ ሣር ማለት ነው። የአገሩ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ማርጋ ቢሻኒ ከቆመበት ትቀዳለህ፣ ከሌለበት አትቀዳም። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው ሣሩን ገለጥ ያደርጉና በቀኝ ይቀዳሉ። ልብስ የሚታጠበው ከሣሩ በታች ነው፣ ከብት የሚጠጣው ከዚያም በታች። ሣሩን የነቀለ ሰው ወዮለት! አንዴ እኔ ራሴ ለክፍል ማሳያ ስነቅል አንዲት ሴትዮ አይታኝ በኦሮምኛ ያወረደችብኝን እርግማን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የነቀልኩት ለማስተማሪያ ነው አልኩ። ዘጠነኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ልጆቹ በኦሮምኛ፤ እንዲያ ተግባብተን ነበር። ቤተ ሙከራ የሚባል የለንም። ስለዚህ ያን ሣር በማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከትቼ የመስኮቱ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ትንሽ ሲቆይ ከቅጠሉ ጫፍ ጥቃቅን አረፋ እየተከታተለ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። «ይኸው ሣሩ ሲተነፍስ!» ስላቸው ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ይወጣሉ። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደዚያች ጠርሙስ የኮራሁበት ነገር የለም።

በገባሁበት ዓመት ከመቅጃው በላይ፣ በወንዙ ዳር አዲስ የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከፈተ። ደስታ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ድሮ ቡናው ከነቆዳው፣ በጀንፈል እየደረቀ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ቀዩን እሸት በዕለቱ ወስዶ በዕለቱ መሸጥ ሆነ። ሰዉ በቅርጫት፣ በጆንያ፣ በአህያ እየጫነ ጎረፈ። አዮም ከጓሯቸው የለቀሟትን ይዘው ሄዱ። መፈልፈያው የቡናውን ቆዳ ይገፋል፣ ፍሬውን በገንዳ ዘፍዝፎ ሙጫውን ያጥባል፤ ያጠበበትን ውሃ ደግሞ መልሶ ወንዝ ይለቃል። ማጠራቀሚያ ጉድጓድስ ተቆፍሮ ነበር። ቡናው ከጦፈ በኋላ በጥቂት ቀን ሞላ፣ ከዚያ በኋላ በላዩ እየፈሰሰ ቁልቁል ወረደ። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም ጭምር።

የዚያ ዓመት ለቀማ አለቀ፣ በጋው ገፋ። ሚያዝያ አካባቢ ነው ሣሩ መወፈሩን ያየነው። እንዲያው ዝም ብሎ አልነበረም የወፈረው! ድሮ ክር የነበረው ጣት አከለ፣ ከዳር እስከ ዳር ወንዙን ሞላው፣ ሴቶቹ ለመቅዳት በሁለት እጃቸው ካልፈለቀቁት ጀሪካን አላስገባ አለ። ሰዉ በደስታ ፈነደቀ። ሣር ካለ ውሃው ደኅና ነው፤ ብዙ ሣር ካለ ደግሞ ብዙ ደኅና ነው። «በረካ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አዮ ብቻ አልተደሰቱም። አንድ ቅዳሜ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር መቅጃው ላይ ተሰብስበን ሳለን፣ ትንሿን በጀርባቸው አዝለው ሣሩን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«በርሲስቱ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ይኼ ሣር ምን በልቶ ነው የወፈረው?»

«እንዴት ማለትዎ ነው አዮ?»

«ኤጋ፣ ከብት ሲወፍር አንድ ነገር በልቶ ነው። ሰውም ሲወፍር በልቶ ነው። ይኼ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሣር ነው፣ ከስቶ ነው የኖረው። ዘንድሮ ምን አገኘ?»

እስቲ አሁን ይኼን ጥያቄ እዩት። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሰሌዳ ላይ «ዕፅዋት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ» ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ልጆቹን አስጽፌ ነበር። ያ የቡና ቆዳና ሙጫ በስብሶ ማዳበሪያ መሆኑን ለማወቅ ከጓሮ ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ክምርና በላዩ የሚፋፋውን ዱባ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ጥያቄውና መልሱ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ቀሩ።

«አይ አዮ!» ብዬ ሳቅሁ። «ሣር እኮ እንደ ከብት አይበላም። ምግቡን ራሱ ነው ከፀሐይ የሚሠራው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አዮም አብረው ፈገግ አሉ። የሰው ሳቅ ለእኔ እንደ ጠላ ነው፤ አንዴ ከቀመስኩ ማቆም አይሆንልኝም። ማታውን ያችን ጠርሙስ ይዤ እሳቸው ቤት መሄዴ ሳያንስ በማግስቱ ጠዋት በራቸው ላይ ፀሐይ አስመትቼ አረፋውን አሳየኋቸው። «ይኸውልዎት፣ ይተነፍሳል። የሚያወጣው ንጹሕ አየር ነው። ሣሩ በበዛ ቁጥር ወንዙ ይጸዳል» አልኳቸው። አዮ ጠርሙሱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ትንሿ አረፋውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለዚችም ከወንዙ ብቀዳላት ምንም አትሆንም?»

ፊታቸውን አየሁ። አዎን እንድላቸው ይለምኑኝ ነበር። ያ ጋራ እየገደላቸው ነበር።

«ምንም አትሆንም አዮ። ጉልበትዎን ያሳርፉ» አልኳቸው። አፍልተው ይስጧት ማለት እንኳ አልመጣልኝም። ውሃውን አልመረመርኩትም፣ መፈልፈያውን ወጥቼ አላየሁትም፣ የሚያውቅ ሰው አልጠየቅሁም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከመስኮቴ ያን ማንከስ ማየት ቀርቶልኛልና።

ክረምቱ ወንዙን ሞልቶ አጥቦት ሄደ። ትንሿ ተቀመጠች፣ ዳኸች፣ ሁለት ጥርስ አበቀለች። በሬን እየደበደበች ትጠራኝ ጀመር። ጥቅምት ሲገባ አዲሱ ለቀማ ደረሰ፤ መፈልፈያው ካምናው ይልቅ ሌትና ቀን ይሠራ ነበር። ውሃው እየቀነሰ ሲመጣ ሣሩ ላይ ንፍጥ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተጠመጠመበት። ሴቶቹ «ጉንፋን ይዞታል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ታዲያ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ የታመመ ዘመድ እንደሚያስታምም ሰው ከመቅዳታቸው በፊት ንፍጡን በእጃቸው እየጠረጉለት ነበር የሚቀዱት። ባደረ ቁጥር መልሶ ይለብሰዋል። ከዚያ እጅ ማሳከክ መጣ። ከወንዙ ዳር የሚውሉት ሰዎች ሽታው ያዞረናል፣ ሳንጠጣ ያሰክረናል አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ቀበሌ ሄደው ቢናገሩ «ልማት ነው፣ ልማት አትቃወሙ» ተብለው ተመለሱ።

አያችሁ አይደል፣ ያ የአገሩ ሕግ ሣሩ ከቆመበት ቅዳ ነው የሚለው። ሣሩ ደግሞ ንፍጡን ለብሶ እንደቆመ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የቡና እጣቢ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ስለዚህ ለዚያ የተናገሩት ነገር የለም። ሰዉ መቅዳቱን ቀጠለ። የሚጠራጠርም ካለ «በርሲስቱ ደኅና ነው ብላለች» ይባላል። ይኼ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ሰምቼም ደስ ብሎኛል።

አንድ ረቡዕ ያንኑ ትምህርት ለአዲሶቹ ዘጠነኛዎች ላሳይ ሣሩን አምጥቼ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ፀሐይዋ መስኮቱን ሞልታዋለች። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ምንም የለም። ጠርሙሱን አዞርኩት፣ ወደ ብርሃኑ ይበልጥ አስጠጋሁት። አንዲትም አረፋ አልወጣችም።

«ቲቸር፣ ዛሬ ታሟል እንዴ?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

ሣሩን አውጥቼ በመሐረቤ ንፍጡን ጠረግሁለት። ከንፍጡ ሥር ያለው ቅጠል አረንጓዴ አልነበረም። ቢጫ፣ ቡኒ፣ ከዚያ እጄ ላይ ብትንትኑ ወጣ። ያኔ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የገባኝ። ሣሩን ያወፈረው የቡናው እጣቢ ነው። ያው እጣቢ ሲበዛ ንፍጡን አበቀለ። ንፍጡ ፀሐዩን ከለከለው። ያ ሁሉ ሰው የሚቀዳበት ሣር ቆሞ የሞተ ነው፣ የሞተ ነገር ደግሞ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ውሃውን ይዞት ይሄዳል። አዮ ሚያዝያ ላይ የጠየቁኝ ይኼን ነበር።

ክፍሉ መልስ ይጠብቃል። «ፀሐይ አንሶት ነው» አልኳቸው። ፀሐይዋ ዓይኔን እያጠፋችው ነበር።

ከዚያ ክፍል እስከ አዮ በር የአንድ አጥር መንገድ ነው። ማታ ስገባ በር ላይ ተቀምጠው ትንሿን በሳፋ ያጥባሉ። በምን ውሃ እንደሚያጥቧት አውቃለሁ። «አከም ኦልቴ፣ በርሲስቱ» አሉኝ፣ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው። ደኅና አልኩ። ትንሿ ያን እርጥብ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ሳምኳት፣ ክፍሌ ገባሁ። ነገ ሌላ ሣር አምጥቼ ሞክሬ ላረጋግጥ፣ ያልተረጋገጠ ነገር አስተማሪ አይናገርም አልኩ ለራሴ። ሚያዝያ ላይ ይኼ ጨዋነቴ የት ነበር? እውነቱን ልናገር፤ አፍሬ ነው። ያን ሁሉ ሴት ፊት የሳቅሁበትን ጥያቄ አሁን ሄጄ «እርስዎ ልክ ነበሩ፣ እኔ ነኝ ደንቆሮዋ» ማለት አቃተኝ። ሐሙስ ሌላ ሣር አላመጣሁም። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ጅማ ሄድኩ።

ቅዳሜው ኅዳር ሚካኤል ነበር። አባቴ እንደ አገሩ ልማድ የግቢውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ፣ ከምሮ፣ እሳት ለቀቀበት። ኅዳር ሲታጠን ድሮ የነበረ የወረርሽኝ መታሰቢያ ነው፤ በሽታ በጭሱ ይወጣል ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ያጨሳል። አባቴ ዓይኑ እያለቀሰ «ነይ ልጄ፣ አንቺም ጨምሪበት፣ ያንቺንም በሽታ ይውሰድልሽ» አለኝ። አንድ እፍኝ ቅጠል ጨመርኩ። ቤት ገብቼ እናቴ የሠራችውን በላሁ። ተኛሁም፤ ደኅና እንቅልፍ።

እሑድ ከሰዓት ስመለስ መቅጃው አጠገብ ያለው ድልድይ ጋ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ከመኪናው ወርጄ ቁልቁል አየሁ። ሣሩ ወድቋል። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ፣ የውሃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ፣ በመካከሉ ትናንሽ ዓሦች ሆዳቸው ተገልብጦ። ሰዎች ዳር ቆመው ያያሉ። ቦርሳዬን እዚያው አንዲት የማውቃት ሱቅ ጥዬ ሮጥኩ።

አዮ ጅባ የሚሉት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ትንሿን ታቅፈዋል። ከዓርብ ሌሊት ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት አላቆማትም። ያቺ በር የምትደበድብ ልጅ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ስጠራት አላየችኝም። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት ሰጥተዋቸዋል፣ በውሃ በጥብጠው በማንኪያ እንዲያጠጧት። አዮ ኩባያውን ይዘው እየበጠበጡ ነበር። ጀሪካኑ አጠገባቸው ነው።

«ያን ውሃ አይስጧት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው በርሲስቱ?»

«አይስጧት! በፈጠረዎት አይስጧት!» ኩባያውን ከእጃቸው ነጥቄ ደፋሁት። በቤቱ የነበሩት ሴቶች አብዳለች እንዴ ብለው ተያዩ። ያችን የምንጭ ውሃ መቅጃ ጀሪካን አንሥቼ ጋራውን ወጣሁ።

ምንጯ አልፋጠነችም። ጠብ። ጠብ። ድንጋዩ ሥር ተንበርክኬ ጀሪካኑን ያዝኩ። ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። በእጄ ድንጋዩን ቧጠጥኩት፣ ሰደብኩት፣ ማርያምን ለመንኩ። ጠብ። አዮ ያን ሁሉ ወር በየማለዳው እዚህ የተቀመጡት ለካ እንዲህ ነው። ግማሽ ሲሆን መጠበቅ አቃተኝና ወረድኩ፤ መግሪብ አዛን ሲል ደረስኩ። ከሰል አቀጣጥዬ አፈላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ በጠበጥኩት። ትንሿ ሁለት ማንኪያ ዋጠች፣ ሦስተኛው በአፏ ዳር ወረደ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች። ወንዶቹ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለብቻቸው ወስደው ቀበሯት፤ እንዲያ ነው ሥርዓቱ። አዮ በር ድረስ ሸኟት።

ወንዙ ነው የገደላት ብዬ መማል አልችልም። በዚያች ከተማ ሕፃን በብዙ ነገር ይሞታል፣ ያን ሳምንትም ሌሎች ታመው የዳኑ አሉ። ጤና ረዳቱን ብጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግን ረቡዕ ማታ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሐሙስም፣ ዓርብም ያ ውሃ አፏ አይገባም ነበር። ይኼን ያህል አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ሳሳ ሲል ከአዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» አልኩ። «አሚን» አሉ። ከዚያ ወደ መሬት እያዩ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣

«በርሲስቱ፣ ያን ጊዜ ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ። «ሣሩ ምን በልቶ ነው የወፈረው?»

በዚያች ሰዓት አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ያቺ ምላሴ ግን ቀደመችኝ።

«ቡናውን ነው አዮ። ከላይ መፈልፈያው የሚለቀውን የቡና እጣቢ ነው የበላው። መጀመሪያ አወፈረው፣ በኋላ ገደለው፣ ውሃውንም አበላሸው።»

አዮ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «የማን ቡና?» አሉ።

መልስ አልጠበቁም። ያምናም የዘንድሮም እሸታቸውን በቅርጫት ተሸክመው፣ በዚያ ጉልበት፣ መፈልፈያው ድረስ የወሰዱት ራሳቸው ናቸው፤ ለትንሿ ወተት። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ የለቀማ ጥቁረቱ ገና አልለቀቀውም። «ኤጋ፣ በእጄ ነዋ» አሉ። ያኔ ነበር «አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ረቡዕ ዕለት አውቄ ነበር» ማለት የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሴቶች ገቡ፣ ለቅሶው እንደገና ተጀመረ፣ አፌን ዘጋሁ። በዕድሜዬ ምላሴ ታሥራ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ከተማው ሁሉ እንደገና ቀዩን እሸት ይዞ ወደ መፈልፈያው ሲጎርፍ አዮ አልሄዱም። ቡናቸውን ዛፉ ላይ እስኪደርቅ ትተው፣ ለቅመው፣ ጅባ ላይ አሰጡት። በጀንፈል ሸጡት፣ በርካሽ። ጎረቤቶቹ ሐዘን አናወዛቸው አሉ። በወንዙ ላይ ለውጥ አላመጣም፤ የአንድ ጓሮ ቡና ምን ይለውጣል? ሣሩም ተመልሶ አልበቀለም። እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ እያነከሱ ጋራውን ይወጡ ጀመር፣ አሁን ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው መጠጫ። ከሰዓት በኋላ ጅባው ላይ እየተንፏቀቁ ጀንፈሉን ያገላብጣሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ አገላብጥ ነበር። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ በየቀኑ ፀሐይዋ ትገባለች።

ጅማ ስዛወር ዕቃዬን ጭነው ሲጨርሱ አዮ በጨርቅ የቋጠሩት ጀንፈል ይዘው መጡ። አልቀበልም ብል ተቆጡኝ። ከዚያ ሁለት እጄን ይዘው፣ «በርሲስቱ፣ አላህ ይስጥሽ። ሌላው ሰው የአላህ ሥራ ነው እያለ ሲያባብለኝ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አላጣሁም። «ምንም አይደል፣ አዮ» አልኳቸው፣ መኪናው ላይም ወጣሁ።